ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት

ጥቅምት 9

ለድንቡሼ እናት፣

እንዴት ነሽ ብዬ መጀመር ነበረብኝ። ግን ፖስታውን ቀደሽ እንደከፈትሽ ዓይንሽ የሷን ወሬ ፍለጋ ወደ ታች እንደሚሮጥ ስለማውቅ ሰላምታዬን ግርጌ ላይ አስቀምጬልሻለሁ። ስትረጋጊ ትደርሺበታለሽ።

ድንቡሼ ደህና ናት። አዎ፣ ትበላለች። አዎ፣ ሳሉ ለቋታል። አይ፣ ያ ብርዳሙ ክፍል ውስጥ አይደለችም፤ አልጋዋን ጧት ጧት ፀሐይ ወደሚገባበት ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር አዙረነዋል። አይ፣ ስሟ ድንቡሼ ሆኖ ቀረ እንጂ አልወፈረችም፤ ስንመዝናት ሚዛኑ እንኳ ያሾፍብናል።

ከሥሩ አስምረሽ ለጠየቅሽኝ ነገር ግን ምን እንደምልሽ አላውቅም። ልጅቷ አትናገርም፣ እኔ ደግሞ ጠንቋይ አይደለሁም። ያየሁትን ልንገርሽ። አንቺ የሰፋሽውን ቀሚስ ስናለብሳት ጨርቁን በደህናዋ እጇ ጨብጣ አልለቅም ትላለች። በሌላ ልብስ እንዲህ አታደርግም። ያስታወሰችሽ ይሁን ጨርቁ ለስልሷት ይሁን እሷ ትወቀው። ደስ እንዲልሽ ብዬ አልጨምርበትም።

ቤታችን ያው ነው። ባለፈው ሳምንት በጎ አድራጊዎቹ መጥተው ጎበኙን። መራመድ፣ መናገር ወይም መዋጥ የሚያቅታቸውን፣ ቤተሰቦቻቸውም አቅም ያጡላቸውን ልጆች የምንረዳ መሆናችንን ለእኛው አስረዱንና ሄዱ። አንዷ ልጆቹ እኔን «እማማ ቁጡ» እንደሚሉኝ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ትመቺያቸዋለሽ ወይ ልትለኝ ምንም አልቀራት። ኃላፊያችን ናት በሳቅ ያለፈችው።

ለአዲሱ ቀሚስ የለካሁበት ሲባጎ እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለልሽ። ሙሉ ርዝመቱ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ግራ እጇ፣ እስከ ሁለተኛው ቋጠሮ ቀኝ እጇ። ግራው ስለማይዘረጋ እንደታጠፈ ለካሁት። ሜትር እያለ ሲባጎ ቆርጬ መላኬ እዚህ ሁሉንም ያስቃቸዋል። እኔ ግን ቁጥር ከምታነቢ የልጅሽን ቁመት በእጅሽ ብትይዢው ይሻላል ባይ ነኝ።

አሁን ሰላምታው፤ እንዴት ነሽ የኔ ልጅ? አንቺስ ትበያለሽ?

እማማ ቁጡ

---

ኅዳር 2

ውድ እማማ፣

ሰላምታዬ በሁለት እጄ ይድረስዎ። እርስዎ ግርጌ ላይ ቢያስቀምጡትም እኔ ከአናቱ አላወርደውም፤ ታላቅን ሳይሳለሙ ወሬ መጀመር እናቴ አላስተማረችኝም።

አዎ፣ እበላለሁ። ፋብሪካው ምሳ ይሰጠናል። ሥራዬን ለጠየቁኝ፣ የምሰፋው ኮሌታ ብቻ ነው። ሸሚዙ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚለብሰው አላውቅም። ኮሌታ ይመጣል፣ እሰፋለሁ፣ ይሄዳል። ሙሉ ልብስ የምሰፋው ለድንቡሼ ብቻ ነው፣ እሱም በምሳ እረፍት፣ ተቆጣጣሪዋ አይታ እንዳላየች ስትሆንልኝ ነው።

ሲባጎውን ገና በፖስታው ላይ ዳስሼ አወቅኩት። ዘርግቼ ከትከሻዬ ላይ ለቀቅኩት፤ ጫፉ ወገቤን አልፎ ሄደ። ስለያት እኮ ከትከሻዬ ቢለኩ ከደረቴ አታልፍም ነበር። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች የምን ገመድ ነው ሲሉኝ ልጄ ናት አልኳቸው። ያበድኩ መሰላቸው መሰለኝ፣ ሻይ አፈሉልኝ።

አዲሱን ቀሚስ በግራ በኩል ከብብቱ እስከ ወገቡ ክፍት አድርጌዋለሁ። መጀመሪያ ግራ እጇን አስገብታችሁ ከዚያ ጎኑን እሰሩላት፣ እጇን እንዳትጎትቱባት። ማሰሪያው ለስላሳ ነው፤ ቁልፍ ያልተከልኩት ስትተኛ እንዳይጎረብጣት ብዬ ነው።

እማማ፣ አንድ ነገር ልቤን አላሳርፈው ብሏል። እኔ እንደሄድኩ ስለነበሩት የመጀመሪያ ወራት አንድም ቀን ጽፈውልኝ አያውቁም። በጠየቅኩዎ ቁጥር ስለ አየሩ ይጽፉልኛል። ዝናቡ አባራ፣ ነፋሱ በረታ፣ ፀሐዩ ወጣ። እርስዎ ደግሞ ለአየር የሚጨነቁ ሰው አይደሉም። ልጄ ያን ጊዜ ምን ሆና ነበር?

አክባሪ ልጅዎ፣
የድንቡሼ እናት

---

ጥር 17

የኔ ልጅ፣

እሺ። ስለ አየሩ አልጽፍም።

ከሄድሽበት ቀን ጀምሮ ልጅቷ አፏን ዘጋች። ማንኪያ ስናቀርብላት በእጇ ትመልሰውና ፊቷን ወደ በሩ ታዞራለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ የምገባው እኔ ስሆን መልሳ ትደፋለች። በዕድሜዬ ብዙ ሰው አዋርዶኛል፣ እንደሷ ያዋረደኝ ግን የለም። እያደር ሰውነቷ አለቀ። ሐኪሙ በአፍንጫዋ ቱቦ አስገብቶ ወተቱን በዚያ ሰጠናት። አንድ ቀንማ ኃላፊዋ ጠርታኝ አድራሻሽን ጠየቀችኝ። ለምን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ይገባሻል።

ከዚያ አንድ ጧት ለአጠገቧ ልጅ ያመጣሁትን የተፈጨ ሙዝ አይታ አፏን ከፈተች። አጎረስኳት፣ ዋጠችው። ሙዙን የተቀማው ልጅ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል፣ እኔ ግን ያን ቀን ኩሽና ገብቼ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። ያልጻፍኩልሽ ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብዬ ነው። እሷን አዝለሽ ከአንዱ ልብስ ሰፊ ወደ ሌላው ስትንከራተቺ ማንም እንዳላስጠጋሽ ታውቂዋለሽ። ብትመጪ ኖሮ ሁለታችሁም ትራቡ ነበር። አጥፍቼ ከሆነ አጥፍቻለሁ።

አንዴ ከጀመርኩ ሌላውንም ልጨርሰው። ለልጆቹ ደጋፊ ወንበር የሚሠራልን አናጢ አለ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ከሰው ይልቅ ከእንጨት ጋር ያወራል። ሚስቱ ምሳ ልታደርስለት ስትመጣ ድንቡሼ አጠገብ አረፍ አለች። በማግሥቱም መጣች። አሁን አናጢው ምሳውን ይዞ ቢመጣም ትመጣለች። ልጅ የላቸውም። ባለፈው ባልና ሚስት ተያይዘው ኃላፊዋ ዘንድ ገቡ፣ ለምን እንደገቡ ልትገምቺ ትችያለሽ።

ኃላፊዋ ይህ ቤት መሸጋገሪያ እንጂ መኖሪያ አይደለም ትላለች። ልጅ የሚያድገው ሰው ጭን ላይ ነው፣ እኛ ደግሞ ጭናችን ለሁሉም አይበቃም ትላለች። ልቃወማት ፈልጌ ነበር፤ ልክ ሆነችብኝ። እናም ክረምቱ ሳይገባ መልስ ትፈልጋለች። ወይ አንቺ መጥተሽ ትወስጃታለሽ፣ ወይ እነሱ እንዲያሳድጓት ትፈቅጃለሽ። አንቺ ሳትፈቅጂ የሚነካት እንደሌለ አፏን ሞልታ ነግራኛለች። ከፈለግሽ ጽፈሽ ስደቢኝ፣ እኔ እችለዋለሁ።

እማማ ቁጡ

---

የካቲት 21

ውድ እማማ፣

እንደምን ሰነበቱ። ይህ ደብዳቤ የዘገየው የመጀመሪያውን ቀድጄ ስለጣልኩት ነው። ለእርስዎ የማይገባ ቃል ነበረበት። ይቅር ይበሉኝ፣ ባያዩትም ይቅር ይበሉኝ።

አልፈቅድም። ይህን ለኃላፊዋ ይንገሩልኝ። ለአናጢው ሚስትም ይንገሯት፣ ግን በደግ ቃል ይሁን፤ እሷ ምን አደረገችኝ። ልጄን ያልጣልኳት መሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። አባቷ ስሟን እንኳ ሳይጠይቅ ነው የሄደው፤ እኔ ግን የሄድኩት ለእሷ ብዬ ነው።

ሰኔ ላይ ማሽኖቹን ሊቀይሩ ፋብሪካው ይዘጋል። ያኔ እመጣለሁ። አንዲት ጓደኛዬ እዚህ ልብስ ቤት ልትከፍት ነው፤ ቤት ሆኜ እንድሰፋላት ተነጋግረናል። ማሽኑን አልጋው አጠገብ አድርጌ፣ ድንቡሼን ከጎኔ አስቀምጬ እሰፋለሁ። የማሽን ድምፅ እኮ ትወድ ነበር፤ ስረግጠው ትስቅ ነበር። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ እርስዎ ይወቁልኝ።

እስከ ሰኔ አይስጡብኝ። ይህን ብቻ ነው የምለምንዎ።

ምግብ ማቆሟን ካነበብኩ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ኮሌታ ገልብጬ ስሰፋ ሰነበትኩ፤ ተቆጣጣሪዋ ሁሉንም አስተርትራኛለች። አልተቆጣሁዎትም። ግን ከእንግዲህ ምንም እንዳይደብቁኝ ይማሉልኝ። ለእኔ ብለውም ቢሆን አይደብቁኝ።

አክባሪ ልጅዎ፣
የድንቡሼ እናት

---

ግንቦት 6

የኔ ልጅ፣

ምያለሁ። በማን እንደማልኩ እኔና እሱ እናውቃለን።

ኃላፊዋ እስከ ሰኔ ትጠብቅሻለች። አስፈራራኋት ማለት አይቻልም፣ ግን ቢሮዋ ገብቼ አልወጣም ብዬ ተቀመጥኩ። ለአናጢው ሚስትም ነግሬያታለሁ። እስክጨርስ ሰማችኝና «እናቷማ እናቷ ናት» አለች። ከዚያ ሄዳ ሳህን ማጠብ ጀመረች፤ ሳህኑ ግን ታጥቦ ነበር። መምጣቷን አልተወችም፤ እኔም አትምጪ የምልበት አንጀት አጣሁ።

ሴትዮዋን እናቴ ትላለች ወይ ልትዪኝ እንደምትፈልጊ አውቃለሁ፤ ልጅቷ ማንንም ምንም ብላ አትጠራም፤ አንቺንም እኔንም፣ እሷንም። ግን ስላስማልሽኝ ይኸው እነግርሻለሁ። በምሳ ሰዓት በሩ ሲንኳኳ ድንቡሼ ገና ማን እንደሆነ ሳይታይ ትስቃለች። ለእኔ አትስቅም። እኔማ ቁጡ አይደለሁ።

አሁን ትኩረት ስጪኝ፣ ስትመጪ ፈተና አለብሽ። ድሮ የምታበያት አስተኝተሽ ነበር፤ ትን እያላት ስታስል ስንት ጊዜ ነፍስሽ እንደወጣች ነግረሽኛል። ማንም አላሳየሽም፣ አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ። ቀጥ አድርገሽ ታስቀምጫታለሽ። አገጯን ዝቅ ታደርጊላታለሽ። ማንኪያውን ከታች ታመጪላታለሽ እንጂ ከላይ አትሰጫትም፤ ከላይ ከመጣ አንገቷን ቀና ታደርግና ወደ ሳንባዋ ይገባል። ከዚያ መጠበቅ ነው። ዋጠች ብለሽ አትቸኩይ፣ ጉሮሮዋን እዪው። የአናጢው ሚስት ይህን ለመልመድ ብዙ ሾርባ በላይዋ ላይ ፈሶባታል። አንቺንም በእጄ ይዤ አስለምድሻለሁ፣ አትፍሪ።

ሲባጎው ይኸውልሽ። አሮጌው ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ነው የለካኋት። አዲሱን አናጢው ሊጨርሰው ነው፤ ለጀርባዋ ልዩ መደገፊያ አበጅቶለታል። ለሰኔ ቀሚስ ይዘሽ ትመጫለሽ ብዬ ነው የለካሁት፤ እንዳትረሺ።

እማማ ቁጡ

---

ሰኔ 24

ለእማማ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

መምጣት አልቻልኩም። ፈቃድ ከለከሉኝ። ቀሚሱን በመንገደኛ ሰው ልኬ ነበር፣ ደርሶዎ ይሆናል።

የአናጢውን ነገር አስቤበታለሁ። አልቃወምም። ኃላፊዋ እንደመሰላት ታድርግ።

ስለ ሁሉም ነገር እግዜር ይስጥልኝ።

የድንቡሼ እናት

---

ሐምሌ 11

የኔ ልጅ፣

ያቺ አጭር ደብዳቤሽ የደረሰችኝ ቀን መልስ ጽፌልሽ ነበር። ስናደድ ጮክ ብዬ ስለምጽፍ የጻፍኩትን ቤቱ ሁሉ ሰምቶታል። እንደ ማንኛዋም እናት ሰበብ ደረደርሽ፣ ልጅሽን በሁለት መስመር ለሰው ሰጠሽ፣ ሌላም ሌላም። አልላክሁትም። ለምን እንዳልላክሁት ልንገርሽ።

ቀሚሱን ያለበስናት ገና ትናንት ነው። ከመጣ ቆይቷል፣ ግን ከመጣበት ማክሰኞ ጀምሮ ድንቡሼ ምግብ አልቀምስ ብላ ማንኪያውን ስትመልስ ነው የሰነበተችው። ጥርስ እያወጣች ነው ብለን በወተት አቆየናት። አዲሱ ቀሚስ በሾርባ አይበላሽ ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ነበር። አሁን ስለተሻላት አወጣሁት።

ልክ ሆናት። እኔን ያስደነገጠኝም ይኸው ነው። የላክሁልሽ ሲባጎ አሮጌው ወንበር ላይ ተጣማ በተቀመጠችበት የተለካ ነው። አዲሱ ወንበር ጀርባዋን ሲያቃናላት ልጅቷ መዘዝ አለች፤ ሲባጎዬ አጭር እንደሆነ ያወቅሁት አንቺ ዘንድ ከደረሰ በኋላ ነው። እንደ ልኩ ብትሰፊው ኖሮ ቀሚሱ ከጉልበቷ ብዙም ዝቅ ባላለ ነበር። እሱ ግን ቁርጭምጭሚቷ ላይ ልክ ብሎ ቁጭ አለ።

ገልብጬ አየሁት። የታችኛው እጥፋት ተለቋል። የማሽኑ ስፌት የተተረተረበት ቀዳዳ መስመር ሠርቶ ይታያል፤ ከሥሩ ያለው አዲሱ ስፌት በእጅ ነው፣ በችኮላ የተሰፋ። ክሩም ካኪ ነው። ሰማያዊ ቀሚስ በካኪ ክር! አንቺ እንደዚያ የምትሰፊ ሰው አይደለሽም፣ የምትሰፊው ያ ክር ብቻ ከተገኘ ነው።

ልጆቹ ጄኔራሉ የሚሉትን ዘበኛችንን ጠራሁት። መጀመሪያ አላስታውስም አለ። ካፖርቱን እያየሁ ካኪ ክር አለህ ወይ ስለው አስታወሰ። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት አንዲት ሴት መጣች አለኝ። ለአንዲት ልጅ ዕቃ ልሰጥ ነው ብላ ገባች፣ የመመገቢያ ክፍሉ መስኮት ድረስ ሄደች፣ እዚያ ቆመች። ብዙ ቆመች አለ። ከዚያ ተመልሳ በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ መርፌ አወጣች። ክር የለኝም አለችኝ፣ የካፖርቴን ቁልፍ የምሰፋበትን ሰጠኋት አለ። ሰፍታ ስትጨርስ ክሩን በጥርሷ በጥሳ፣ ቀሚሱን አጥፋ ሰጠችው። ማን ልበል ሲልሽ መንገደኛ አልሽው።

እኔ እኮ ከዚያ ግድግዳ ማዶ ነበርኩ። ሳህን እያጠብኩ ነበር፣ እየዘፈንኩ። አንድ ጊዜ እማማ ብትዪ እሰማሽ ነበር።

ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ለምን አልገባሽም?

እማማ ቁጡ

---

ነሐሴ 3

ውድ እማማ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ፈቃድ ከለከሉኝ ብዬ ስለዋሸሁዎ ይቅር ይበሉኝ። ድምፅዎን ሰምቼዋለሁ። ሲዘፍኑ ድምፅዎ ያስፈራል፤ ልስቅ ሁሉ ዳድቶኝ ነበር።

ስነሳ ልገባ ነበር የተነሳሁት። መኪናው ውስጥ አገጯን ዝቅ፣ ማንኪያው ከታች እያልኩ በቃሌ ሳነበንብ ነው የመጣሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ፀሎት የማደርስ መስሏቸው አሜን አሉልኝ። ልብስ ቤት ልትከፍት የነበረችው ጓደኛዬ ሳትከፍት መቅረቷን አልጻፍኩልዎትም። የማድርበት ክፍል ልጅ አያስገባም። ቢሆንም ቀድሞ እንዳደረግኩት አንድ ቦታ አላጣም፣ ካየኋት በኋላ አስብበታለሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

በመስኮቱ አየኋቸው። ድንቡሼ አዲሱ ወንበር ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፤ የሌላ ሰው ልጅ መስላኝ መጀመሪያ አለፍኳት። የአናጢው ሚስት ዝቅ ብላ ተቀምጣ ማንኪያውን ከታች ታመጣላታለች፣ ልክ እርስዎ እንደጻፉልኝ። ትጠብቃታለች። ጉሮሮዋን ታያለች። ልጄ ትውጣለች፣ አታስልም። እኔ ጋ በልታ ሳታስል የዋለችበት አንድም ቀን አልነበረም። ከዚያ ሴትዮዋ ምን እንዳለቻት አላውቅም፣ ድንቡሼ ሳቀች። በእኔ ማሽን ትስቅ እንደነበረው ነው የሳቀችው።

ከዚያ ወደ በሩ ሄድኩ። እጀታውን ይዤ ነበር እማማ። ይዤው ሳለ የጻፉልኝ ትዝ አለኝ። ብገባና ብታውቀኝ፣ ጥያት መሄዴ አይቀርምና ዳግመኛ መብላት ታቆማለች፤ ያን ጊዜ የተረፈችው በቱቦ ነው። ብገባና ባታውቀኝ ደግሞ የማቆመው እኔ ነኝ። ሁለቱንም ፈራሁ። የትኛውን የበለጠ እንደፈራሁ አይጠይቁኝ።

ቀጥ ብላ ሳያት ግን ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ቀሚስ እንደሚያጥራት ታወቀኝ፤ ይህ አላስችል አለኝ። ሌላውን ሁሉ ትቼ ብሄድ ይህንን እንኳ ላስተካክልላት ብዬ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ስለተጋረደ ስፌቱ ጠማማ ነው፤ ለሌላ ጊዜ ይተርትሩትና በሰማያዊ ክር ይስፉት።

አሁን በሙሉ ልቤ እፈቅዳለሁ። ለኃላፊዋም ለብቻ ጽፌላታለሁ። ከዚህ ጋር የቀሚሷን ቅርጽ በወረቀት ቆርጬ ልኬያለሁ። ለአናጢው ሚስት ይስጡልኝ። ግራ እጅጌው አጭር የሆነው ተሳስቼ እንዳልሆነ፣ ጎኑም ለምን ክፍት እንደሆነ ያስረዷት። ስታድግ ዙሪያውን ጣት ጣት እያስፋፋች ትቁረጠው። እርስዎ ደግሞ ከእንግዲህ ሲባጎ አይላኩልኝ። ቁመቷን በእጄ ይዤ መቀመጥ ከእንግዲህ አልችልም።

አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ማንኪያ መመለስ የጀመረችው ከዚያ ማክሰኞ ነው ብለው ጽፈዋል። ጥርስ ነው ብለዋል። መስኮቱ ላይ ቆሜ ሳለ ለአፍታ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር። ፀሐዩ በጀርባዬ ስለነበር አታየኝም ብዬ ነው ዝም ብዬ የቆምኩት። እማማ፣ እንዳይደብቁኝ ምለውልኛል። እውነት ጥርስ ነው?

ልጅዎ

---

መስከረም 14

የኔ ልጅ፣

ከሁሉ በፊት ልንገርሽ፣ ድንቡሼ ቤቷ ገብታለች። አናጢው ወንበሯ እንዲያልፍ የቤቱን በር አፍርሶ አስፍቶታል፣ ግድግዳውን ገና አልለሰነውም። የሄደች ዕለት ኃላፊዋ ቢሮዋን ዘግታ ተቀመጠች። ጄኔራሉ ጉንፋን ይዞኛል እያለ አፍንጫውን ሲጠርግ ዋለ። እኔ ልጆቹን ስቆጣ ነው የዋልኩት፤ እነሱም አወቁብኝ መሰለኝ አንዳቸውም አልተቀየሙኝም።

የላክሽውን ቅርጽ ለአናጢው ሚስት ሰጠኋት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና በግራ እጅጌው ላይ እጇን አድርጋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ለእናቷ ንገሪልኝ አለችኝ፤ ቀጥሎ ግን የሚነገረው ጠፋትና ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። ያላለችውን እንዳለችው አድርጌ እንድጽፍልሽ አትፈልጊም፣ ስለዚህ ይኸው።

በየቀኑ እየሄድኩ አያታለሁ። ትበላለች። ጎረቤት ያለው ልብስ ሰፊ ማሽኑን በረንዳ ላይ አውጥቶ ስለሚሠራ ከሰዓት ከሰዓት ወንበሯን ወደዚያ ያዞሩላታል። የካኪ ስፌቱን አልተረተርኩትም፤ አልተረትረውም። ሲባጎ እንዳልሽው አልልክም። የለካሁት ግን ኪሴ ውስጥ አለ፤ ይኖራል።

ስለ ጥርሱ ጠይቀሽኛል። ጣቴን አስገብቼ ዳስሼዋለሁ፤ ከታች በስተግራ በኩል ያለው የመንጋጋ ጥርስ ነው፣ ነክሳኛለች ደግሞ። የጀመራትም ከማክሰኞ በፊት ነው። እሑድ ዕለት ነው። ባለፈው ቀኑን አምታትቼ ነው የጻፍኩልሽ፤ አርጅቻለሁ፣ ቀን ይምታታብኛል። ፀሐይ በጀርባው የሆነ ሰው ደግሞ ጥላ እንጂ መልኩ አይታይም። ስለዚህ አላየችሽም። ጥርስ ነው።

አየሩ እዚህ ደህና ነው። ዝናቡ አባርቷል። ጧት ጧት ትንሽ ነፋስ አለ፣ ረፋዱ ላይ ግን ፀሐይ ይወጣል።

እማማ ቁጡ